ኳሷ መሬት ትነካለች፦ ለአጫጭር ተጫዋቾች የመከላከል ዘዴ

የስፖርት ገጻችን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ ነው። ዛሬ ግን ተራው የቅርጫት ኳስ ነው። የምጽፈውም ከሰው የሰማሁትን ብቻ ሳይሆን ራሴ ተሸንፌ የተማርኩትን ነው።

እኔ የ7ኛ «ለ» ተማሪ ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ41 ሳንቲ ሜትር ነው። ይሄ በግምት አይደለም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለ አማካይ ስንማር መምህራችን ሁላችንንም ግድግዳ አስደግፈው ለክተውናል። የክፍላችን አማካይ 1 ሜትር ከ52 ሲወጣ እኔ ከታች 1ኛ ወጣሁ። አንዱ ልጅ ከኋላ «ኩርማን!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ስሜ በዚያው ጸደቀ።

ኩርማን መባሉን ለመድኩት። ያልለመድኩት ሌላ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በጠዋት ሰልፍ ላይ «ለክፍለ ከተማ ውድድር የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ስለሚመረጥ ቁመት ያላችሁ ተመዝገቡ» ተባለ። ከጎኔ የቆሙ ሦስት ልጆች ተያይተው «በቃ እኛን አይመለከትም» አሉ። እነዚህ ልጆች በዕረፍት ሰዓት ኳስ ከያዙ ማንም አይቀማቸውም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዋናነት ለእነሱ ነው። ምዝገባው የሚያልቀው አርብ ነው።

መጀመሪያ እንዴት እንደተሸነፍን ልንገራችሁ

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ከ8ኛ «ሀ» ጋር ተጋጠምን። እነሱ ጋ አንዲት ረጅም ልጅ አለች፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ68 ነው። በ27 ሳንቲ ሜትር ትበልጠኛለች። ማስመሪያችሁን አውጥታችሁ እዩት፤ አንድ ማስመሪያ ሊሞላ 3 ሳንቲ ብቻ ነው የሚቀረው። የእኛ ረጅሟ ልጅ በዚያን ቀን አሟት ስለቀረች እሷን እንድይዝ የተላክሁት እኔ ነበርኩ።

እኔም የመሰለኝን አደረግኩ፤ ዘለልኩ። ስትወረውር ዘለልኩ፣ ስትቀበል ዘለልኩ፣ ዝም ብላ ስትቆምም ዘለልኩ። ኳሷ ግን በአናቴ ላይ ታልፋለች። ሲያቅተኝ እጇን መምታት ጀመርኩ። የመጀመሪያው አጋማሽ እንኳ ሳያልቅ 5 ጥፋት ሞልቶብኝ ከሜዳ ወጣሁ። 30 ለ14 ተሸነፍን። ከ30ው ነጥብ 22ቱን ያስገባችው እሷ ነች።

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ልወጣ ስል የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ጠሩኝ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«ዛሬ ስንቴ ዘለልሽ?» አሉኝ።

«አልቆጠርኩም ቲቸር» አልኳቸው።

«ስንቴስ ኳሷን ነካሻት?»

«አንዴም።»

«እሺ፣ እሷ ኳሷን ስታነጥር ኳሷ የት ትደርሳለች?»

«መሬት።»

«እንግዲያው መሬት ላይ ለኳሷ የሚቀርበው ማነው? እሷ ናት ወይስ አንቺ?» ብለውኝ ፊሽካቸውን እያወዛወዙ ሄዱ።

ማታ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ይህን አሰብኩ። እውነት ነው። ቅርጫቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ላይ ነው የተሰቀለው፤ እዚያ ላይ የረጅም ሰው ሰፈር ነው። ነገር ግን ኳስ ይዞ መሄድ የፈለገ ሰው ማንጠር አለበት። ስትነጥር ደግሞ ኳሷ በየጊዜው ወደ ታች ትወርዳለች። ታች ደግሞ የእኛ ሰፈር ነው።

የኤንቢኤ አጭሩ ተጫዋች

በአሜሪካው ኤንቢኤ ታሪክ ከተጫወቱት ሁሉ አጭሩ መግሲ ቦግስ ይባላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሊጉን ሲቀላቀል የመጀመሪያ ቡድኑ ዋሽንግተን ቡሌትስ ነበር። እዚያው ቡድን ውስጥ ደግሞ ማኑት ቦል ነበር፤ የአሁኗ ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ልጅ ነው፣ ቁመቱም 2 ሜትር ከ31። ልዩነታቸው 71 ሳንቲ ነው። የእኔ ግማሽ ማለት እኮ ነው!

ቦግስ 14 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። አሁን ሁለት ቁጥር ልንገራችሁ፤ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። በእነዚያ ዓመታት በሙሉ የተወረወረ ኳስን ብሎክ ያደረገው 39 ጊዜ ብቻ ነው። (ከ39ኙ አንዱ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 የ2 ሜትር ከ13ቱን የፓትሪክ ዩዊንግን ኳስ ነው።) ከተጋጣሚ የነጠቀው ኳስ ደግሞ 1,369 ነው። 1,369ን ለ39 አካፍሉት፤ 35 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ አንዴ ከላይ ሲመልስ 35 ጊዜ ከታች ነጥቋል ማለት ነው። እኔ በዚያን ቀን ሙሉ ጨዋታውን የደከምኩት ለ39ኙ ነበር። ለ1,369ኙ አንድ ጊዜም አልሞከርኩም።

ዘዴዎቹ

1ኛ. አቋቋም። እግራችሁን ከትከሻችሁ ትንሽ ሰፋ አድርጉ፤ ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ጀርባችሁ ቀጥ ይበል። ወንበር ላይ ልትቀመጡ ብላችሁ ሐሳብ የቀየራችሁ ይመስል። ክብደታችሁ ተረከዝ ላይ ሳይሆን የእግራችሁ የፊት ክፍል ላይ ይሁን። በሳይንስ እንደተማርነው የክብደት ማዕከሉ ዝቅ ያለና መሠረቱ የሰፋ ነገር በቀላሉ አይወድቅም። ረጅም ሰው እንደዚህ ለመውረድ ይከብደዋል፤ እኛ ግማሹን መንገድ ወርደን ነው የተፈጠርነው።

2ኛ. ዓይን። ኳሷን አትዩ፣ ፊቷንም አትዩ። የተጋጣሚያችሁን እምብርት አካባቢ እዩ። ኳስ ያታልላል፣ ዓይን ያታልላል፣ ትከሻም ያታልላል። ሆድ ግን ባለቤቱ የማይሄድበት አይሄድም።

3ኛ. እግር። ወደ ጎን ስትሄዱ እግራችሁን አታጣምሩ፤ አንዱ ሲርቅ ሌላው ይከተለው። ከተጋጣሚ አንድ ክንድ ያህል ራቁ። በጣም ከቀረባችሁ ታልፋችኋለች፣ በጣም ከራቃችሁ ደግሞ ተዝናንታ ትወረውራለች። ትንሽ ወደ አንድ ጎን ሆናችሁ ቁሙና ወደ ሜዳው የጎን መስመር ግፏት። እጃችሁ ሳይነካት በአቋቋማችሁ ብቻ ማለቴ ነው። መስመሩ ደሞዝ የማይከፈለው ተከላካይ ነው፤ ማንንም አያሳልፍም። ቀኝ እጇ ጠንካራ ከሆነ በግራዋ እንድታነጥር አስገድዷት።

4ኛ. ከሩቅ መጀመር። ይሄ ትልቁ ነው። ረጅም ልጅ ቅርጫቱ ስር ኳስ ከያዘች አለቀ። ስለዚህ ሥራችን ቅርጫቱ ስር ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው መጀመር ያለበት። በዓለም አቀፉ ሕግ አንድ ቡድን ኳሷን ከራሱ ሜዳ በ8 ሴኮንድ ውስጥ ማሻገር አለበት። ኳሷን ይዛ የምትመጣዋን ልጅ ከራሷ ሜዳ ጀምራችሁ ካስጨነቃችኋት ሰዓቱ ለእናንተ ይሠራል። ማንጠር አቁማ ኳሷን በሁለት እጇ ከያዘች ደግሞ አንድ ሜትር ድረስ ተጠጉ፤ በ5 ሴኮንድ ካላቀበለች ወይም ካልወረወረች ኳሷ የእናንተ ነች።

5ኛ. ከፊት መቆም። ረጅሟ ልጅ ቅርጫቱ አጠገብ ቆማ እጇን አንስታ ኳስ ስትጠብቅ ከኋላዋ አትቁሙ። ከኋላ ሆናችሁ ምንም አታዩም፤ እኔ የማየው ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ነበር። ከፊቷ ግቡና በእሷና በአቀባይዋ መካከል ሁኑ። ያኔ በአናታችሁ ላይ ከፍ አድርገው መወርወር ይኖርባቸዋል። ከፍ ያለ ኳስ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ጓደኛችሁ ከኋላ ለመድረስ ጊዜ ታገኛለች። ስለዚህ ከኋላ የሚረዳ ሰው ከሌለ ይህን ዘዴ አትሞክሩት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

6ኛ. ከታች መንጠቅ። ኳስ ለመንጠቅ ሦስት ጥሩ ጊዜ አለ። አንዱ ኳሷ ከእጇ ወጥታ መሬት ነክታ ስትመለስ ነው። ሁለተኛው ኳስ ተቀብላ ወደ ወገቧ ስታወርድ ነው። ሦስተኛው ለመወርወር ኳሷን ከወገቧ ማንሳት ስትጀምር ነው። እጃችሁ ሁሌ ከታች ወደ ላይ ይሂድ። ከላይ ወደ ታች የሚመታ እጅ ክንዷን ያገኛል፤ ዳኛውም ፊሽካውን ያገኛል። ደግሞ አንዴ ሞክራችሁ ካልተሳካ እግራችሁ ቦታው ላይ መኖር አለበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ለመንጠቅ ብላችሁ አትውደቁ።

7ኛ. በጀርባ መዝጋት። ኳስ ተወርውራ ስትስት ነጥራ ትመለሳለች፤ ሪባውንድ ይባላል። አጭር ልጅ እዚህ ላይ ከረጅም ጋር ልዝለል ካለች ተሸንፋለች። ይልቅ ኳሷ አየር ላይ እያለች ወደ ተጋጣሚያችሁ ዙሩ፤ ከዚያ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ዝቅ በሉና ጭኗ ፊት ተቀመጡ። በእጅ መያዝና በኋላ መግፋት ጥፋት ነው፤ ቦታ መያዝ ግን መብት ነው። እንዲህ ከዘጋችኋት ወደ ፊት መሄድ አትችልም። ኳሷን እናንተ ባትይዟትም ግድ የለም። መሬት ነክታ ለጓደኛችሁ ትድረስ።

8ኛ. ስትወረውር አትዝለሉ። እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኳሷ አንሱና ቁሙ። ዓይኗ ላይ እጅ ማወዛወዝ አይፈቀድም፤ ዳኛ ካየ ቴክኒካል ጥፋት ነው። ዓላማችን ኳሷን መመለስ አይደለም። ዓላማችን ከለመደችው ቦታ አንድ ሁለት እርምጃ ርቃ፣ ተቻኩላ እንድትወረውር ማድረግ ነው። አንዳንዴ እንደዚያም ሆኖ ይገባል። ሲገባ አንገት አትድፉ፤ ይሄ የቁመት ዋጋ ነው፣ እሱን ማንም አይቀንሰውም። እኛ የምንቀንሰው ብዛቱን ነው።

9ኛ. ድምፅ። «ግራ!» «ከኋላሽ!» «እኔ ይዣታለሁ!» እያላችሁ ጩኹ። ድምፅ ቁመት አይጠይቅም። እኔ ክፍል ውስጥ ዝምተኛ ነኝ፤ ሜዳ ላይ ግን ቲቸር «ሰልፍ ላይ ማይክ የሚያስፈልገን አይመስለኝም» እስኪሉኝ ድረስ እጮሃለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ

በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል፤ ተከላካዩ ቀድሞ ቆሞ ይጠብቅና አጥቂው መጥቶ ይገጨዋል፣ ጥፋቱም የአጥቂው ይሆናል። ቻርጅ ይሉታል። ሕጉ እውነት ነው፦ በሁለት እግራችሁ ቆማችሁ፣ ፊታችሁን ወደ እሷ አድርጋችሁ፣ እሷ ለመዝለል ከመሬት ከመነሳቷ በፊት ቦታውን ከያዛችሁ ጥፋቱ የእሷ ነው። የአጭር ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው ይባላል። የእኛ ሜዳ ግን ሲሚንቶ ነው። እኔ አንዴ ሞክሬ ክርኔ ተልጦ አንድ ሳምንት በግራ እጄ ነው የጻፍኩት። መምህራችን አወዳደቅ እስኪያስተምሩን ድረስ ከልክለውናል። እናንተም ተዉት። ነጥብ ይመጣል፣ ጥርስ ግን አይመለስም።

እንዴት እንደምንለማመድ

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አያስፈልግም። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በዕረፍት ሰዓት 15 ደቂቃ እንለማመድ ነበር። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፈን ያለ ወንበር እንቀመጣለን፤ ከ30 ሴኮንድ እንጀምርና በየሳምንቱ 10 ሴኮንድ እንጨምራለን። ቀጥሎ በጠመኔ ሁለት መስመር አስምረን በመካከሉ በጎን እርምጃ እንመላለሳለን። ከዚያ አንዷ ስታነጥር ሌላዋ ሻርፕ በሁለት እጇ ከኋላዋ ይዛ ትከላከላለች። እጅ ስለታሰረ በእግር ብቻ መከላከል ግድ ይሆናል። እኔን ከጥፋት ያዳነኝ ይሄ ሻርፕ ነው። ኳስ ካልተገኘ ሱዚ ዝለሉ፤ እግር ያፈጥናል። ወንዶችም ብትዘሉ ማንም አይስቅባችሁም። ቢሳቅም እኔ በሳቅ አልሞትኩም።

ሁለተኛው ጨዋታ

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ከ8ኛ «ሀ» ጋር እንደገና ደረሰን። ረጅሟ ልጃችን ብትመጣም እኔው ልያዛት ብዬ ለመንኩ። ጨዋታው ሲጀመር ልጅቷ አይታኝ ፈገግ አለች። እኔ ግን ከፊቷ ቆምኩ። ጓደኛዬ ከኋላዋ ሆነች። ሌላዋ ኳስ የምታመጣውን ልጅ ከሩቅ ታስጨንቃለች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኳሶች ሊሰጧት ሞክረው አልደረሷትም። አራተኛውን ተቀብላ ወደ ወገቧ ስታወርድ ከታች ነካሁት፤ ኳሱ አመለጣትና የኛ ሆነ። ያን ጊዜ የሰማሁትን ጩኸት መቼም አልረሳውም። ሰው «ኩርማን! ኩርማን!» ይላል። ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

አሸነፍን ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላሸነፍንም፤ 19 ለ17 ተሸነፍን። እሷ ያስገባችው ግን 9 ነጥብ ነው። ከ22 ወደ 9። እኔ ላይ የተያዘው ጥፋት ደግሞ 2 ብቻ ነው፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ሜዳ ውስጥ ነበርኩ።

ይህን ጽሑፍ ጽፌ ስጨርስ ለእሷ ለራሷ ሰጥቼ አስነበብኳት። ከሚኒ ሚዲያ ነው የመጣሁት ብዬ ጠየቅኳት፤ «ከሚይዙሽ ሁሉ ማን ያስቸግርሻል?» አልኳት። «ረጅም ስትይዘኝ እጇ የት እንዳለ አያታለሁ። አንቺ ስትይዢኝ ግን ከታች የሚመጣው እጅ አይታየኝም፤ ኳሷን ማውረድ እፈራለሁ» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «እኔንም እኮ ቀጭኔ ነው የሚሉኝ፤ ኳስ ስስት ‹በዚህ ቁመትሽ!› ይላሉ» አለች። እኔ በቁመቷ የምትደሰት ብቻ ነበር የሚመስለኝ። አሁን በዕረፍት ሰዓት አብረን ነው የምንለማመደው። እኔ እሷን መከላከል እማራለሁ፤ እሷ ደግሞ ኳሷን ከፍ አድርጋ መያዝ ትማራለች።

ለመምህራንና ለጓደኞቼ

ውድ መምህራን፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ምርጫው ሲካሄድ ቁመት ስትለኩ አትለኩ አልልም፤ ረጅም ልጅ ለቡድኑ ታስፈልጋለች። ነገር ግን ከሜትሩ ጎን አንድ ሌላ መለኪያ ይኑር፦ እያንዳንዷ ልጅ አንድ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ትከላከልና ስንት ነጥብ እንደተቆጠረባት ይጻፍ። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ባልመረጥ አላኮርፍም፤ ቢያንስ በቁመቴ ሳይሆን በጨዋታዬ ነው የቀረሁት እላለሁ።

ይህን ስጽፍ የተመራጮቹ ዝርዝር ገና አልተለጠፈም። እኔ ግን ትናንት ሄጄ ተመዝግቤያለሁ። የመዘገበችኝ ልጅ ቀና ብላ ፈለገችኝና ጠረጴዛው ሸፍኖኝ ስለነበር «ማን ነሽ?» አለች። «እዚህ ታች ነኝ» አልኳት። ሰልፍ ላይ ከጎኔ የነበራችሁ ሦስታችሁም እስከ አርብ ድረስ ጊዜ አላችሁ። ከስሜ ቀጥሎ ያለው መስመር ባዶ ነው።